የሰርቨሩ ዋስ

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ "አውቶቡስ ማኅበር ውስጥ ነኝ" ስል ትኬት ቆራጭ አድርጎ ያስበኝ ነበር። አላርመውም ነበር። የማኅበሩን ትኬት በስልክ የሚሸጠውን ሰርቨር መርጬ፣ ተክዬ፣ ቀን ከቀን የምጠብቀው እኔ ነኝ ብዬ ማስረዳት ስጀምር የአብዛኛው ሰው ዓይን ይፈዛል፤ እኔ ደግሞ የፈዘዘ ዓይን እያየሁ ማውራት አልወድም። ዛሬ ግን ልናገር ነው፤ ምክንያቱም ከዚያ ቤት የወጣሁበት ታሪክ በሰው አፍ ሲዞር ሌላ መልክ ይዞ ሰማሁት። "በግትርነቷ ተባረረች" ተባለ። ግትርነቱ እውነት ነው። የቀረው ግን እንደተወራው አይደለም።

ቢሯችን ጉርድ ሾላ ነበር፤ ከሥሩ ሴራሚክና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ በሚሸጥበት ፎቅ ላይ፣ ባቡሩ ሲያልፍ መስኮቱ በሚንቀጠቀጥበት ወለል። ማኅበሩን ያቋቋሙት አገር አቋራጭ አውቶቡስ ያላቸው ባለንብረቶች ናቸው። አብዛኞቹ ከትንሽ ሱቅ ተነስተው፣ ከወንድምና ከአጎት ጋር ተጋግዘው መጀመሪያ አንድ አውቶቡስ፣ ቆይቶ ሌላ የገዙ ነጋዴዎች ናቸው። ሊቀመንበሩም ከነሱ አንዱ ናቸው፤ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ የተናገሩት ነገር መሬት የማይወድቅባቸው ሰው። "ጋሼ" እላቸው ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ደስ ሲላቸው "ልጄ"፣ ሲከፋቸው "አንቺ ልጅ" ይሉኛል። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሴት ነበርኩ፤ ልጅነቴ ለሳቸው ብቻ ነበር። ሰርቨሩ የሚኖረው በቢሮው ጫፍ፣ ድሮ መጥረጊያና ባልዲ ይቀመጥባት በነበረች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚያቆዩት ባትሪዎች አጠገቡ ተደርድረዋል። የክፍሏን ቁልፍ ከቤቴ ቁልፍ ጋር አንድ ላይ ነበር የምይዘው።

ሥራው ሲሰጠኝ የተባልኩት "ጥሩ የሆነውን ምረጪ" ብቻ ነው። መረጥኩ። ከሥር ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሊኑክስ፣ ከሱ በላይ ገጹን ለተሳፋሪው ስልክ የሚያቀብለው ዌብ ሰርቨር፣ ከጀርባ ደግሞ ማን የትኛውን ወንበር እንደያዘ የሚያስታውስ ዳታቤዝ። ሁሉም ክፍት ሶፍትዌሮች ናቸው። ክፍት ማለት የተጻፉበት ኮድ ለማንም የተገለጠ ነው፤ የፈለገ ያነበዋል፣ ስህተት ያገኘ ያርመዋል፣ ያረመውንም መልሶ ለሌላው ይሰጣል። ስመርጣቸው ባለንብረቶቻችን አውቶቡስ ሲገዙ የሚያደርጉትን ነው ያደረግኩት። እነሱ ስለ ሞተሩ ጉልበት ከመጠየቃቸው በፊት መለዋወጫው እዚህ ይገኛል ወይ፣ የሚያውቀው መካኒክ አለ ወይ ይላሉ። እኔም ቀዳዳ ሲገኝበት ፈጥኖ የሚደፍነው ሰው አለው ወይ፣ የተቸገረ ሰው ጠይቆ መልስ ያገኛል ወይ፣ ኢንተርኔት በተቋረጠ ቀን ፈቃዱን ላረጋግጥ ብሎ ውጭ አገር ካልደወልኩ አልሠራም ይላል ወይ፣ ለእድሳቱ ዶላር ፍለጋ የባንክ ደጅ ያስጠናል ወይ እያልኩ አበጠርኳቸው። ወጣቶቹ የሚያብዱለትን፣ በየጊዜው ስሙ የሚቀያየረውን አዲስ ነገር አልነካሁም። የኔ ምርጫ አሰልቺ ነው፤ አሰልቺነቱን ፈልጌ ነው የመረጥኩት። ማሻሻያ ሲመጣ መጀመሪያ ጥግ ባስቀመጥኩት አሮጌ ማሽን ላይ እሞክረዋለሁ፤ የንጋት አውቶቡሶች ከወጡ በኋላ ነው ወደ ዋናው የማስገባው። በዓል ሲቃረብ ደግሞ ምንም ነገር አልነካም፤ የነካ ሰው ካየሁም ዝም አልልም።

ከሁሉ ያስቸገረኝ የሰዓት ነገር ነበር። ኮምፒውተር የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓትና የፈረንጅ ወር ነው። ተሳፋሪያችን የሚያውቀው ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓትን ነው። የትኬት ክፍል ኃላፊያችን፣ እትዬ የምላቸው፣ ለማንም ፊት የማይሰጡ ሴት፣ የመጀመሪያውን ሙከራዬን ስልካቸው ላይ አይተው "ስድስት ሰዓት ብለሽ ከላክሽለት ሰውዬው ምሳውን በልቶ ነው የሚመጣው" አሉኝ። ትክክል ነበሩ። ስለዚህ አንድ ነገር ጻፍኩ። ማሽኑ በሆዱ የዓለምን ሰዓት ይዞ ይቆያል፤ ትኬቱ ለሰው በሚታይበት በመጨረሻዋ ቅጽበት ብቻ ወደ እኛ ሰዓትና ወደ እኛ ቀን ይቀየራል። ጳጉሜንም ያውቃል። ከባዶ አልተነሳሁም፤ ሌሎች ሰዎች በክፍት ያስቀመጡት የቀን መቀየሪያ ነበር፤ በሱ ላይ ነው የሠራሁት። የነሱ ፈቃድ አንድ ግዴታ ነበረው፤ አሻሽለህ ከተጠቀምክበት ማሻሻያህንም እንዲሁ ክፍት አድርገው ይላል። ይህንን ለቦርዱ ቆሜ ተናግሬአለሁ። "እሺ፣ እሺ" አሉኝ፤ ግማሾቹ ስልካቸውን ይነካካሉ። እኔም በእሺታቸው መሠረት ኮዱን ማንም በሚያገኝበት ቦታ ኢንተርኔት ላይ አኖርኩት።

ማሽኑ ያለ ብዙ ችግር ዓመታት ሠራ። ችግር የሌለበት ነገር ደግሞ ሠራተኛ ያለው አይመስልም። አንድ ቀን ከኦሎምፒያ አካባቢ፣ ዕቃ ከውጭ እያመጣ ከሚሸጥ ድርጅት የተላከ ወጣት የሽያጭ ሠራተኛ ቦርዱ ፊት ቆመ። ጫማው ያበራል፤ ንግግሩ ከጫማው ይብሳል። "ሲስተማችን ፉሊ ሰፖርትድ ነው፤ ትዌንቲ ፎር ሰቨን ሰው አለ" ይላል። ከዚያ ስላይዱን ቀየረና በሩ የተገነጠለ፣ ሣር የበቀለበት የፈረሰ ቤት ፎቶ አሳየ። ከሥሩ "ነጻ ሶፍትዌር፦ ባለቤት የሌለው ቤት" የሚል ተጽፎበታል። እኔ እዚያው ተቀምጫለሁ። ያ የፈረሰ ቤት የኔ ሥራ መሆኑ ነው። እስኪጨርስ ጠበቅኩት።

ሲጨርስ ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣" አሉኝ፣ "እኔ ሾፌር ስቀጥር ዋስ አምጣ እላለሁ። በር ላይ ያለው ጥበቃ ዋስ አለው። አንቺም ስትገቢ አጎትሽ ፈርመውልሻል። የዚህ ያንቺ ሶፍትዌር ዋሱ ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"አንቺማ ሠራተኛው ነሽ። ሰው ለራሱ ሥራ ራሱ ዋስ ይሆናል እንዴ? ነገ ባል አግብተሽ ብትሄጂስ? ሌላ ቦታ ደመወዝ ጨምረው ቢወስዱሽስ?"

የባሉን ነገር ዘለልኩት። "ጋሼ፣ እሱ የሚሸጥልዎትስ ቢሰበር ዋስ አለው?" አልኳቸው።

ወጣቱ ፈጠን ብሎ "ካምፓኒያችን አለ" አለ።

"ካምፓኒ አለ" አሉ ጋሼ፣ ወደ ቦርዱ ሰዎች እያዩ። ለሳቸው ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። ስም ያለው፣ ቢሮ ያለው፣ ሄደህ በሩን የምታንኳኳበት ነገር አለ ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ጥያቄያቸው ከንቱ አልነበረም፤ ያናደደኝም እሱ ነው። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ማሽን የሚያስፈራ ነገር ነው። መልስ እንዳለ ውስጤ ያውቃል፤ እዚያ ስብሰባ ላይ ግን በሳቸው ቋንቋ ልሰጣቸው አልቻልኩም። ቤቴ ወዳለበት ወደ ጎሮ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ሆኜ መንገዱን ሙሉ ብቻዬን ስከራከር ሄድኩ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ሁለት ጊዜ ዞረው አዩኝ።

ቦርዱ የወሰነው እንዲህ ነው፦ የተገዛው ሲስተም በሐዋሳው መስመር ላይ ብቻ ይሞከር፤ ጥሩ ከሆነ ሁሉም መስመር ወደሱ ይዛወር፤ የኔም ሥራ አብሮ ያበቃል። የመጨረሻዋን ማንም ጮክ ብሎ አላላትም። ሙከራው የሚጀምረው ደግሞ አዲስ ዓመት ሲቃረብ፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤተሰቡ በሚሄድባት በጳጉሜ ሆነ። በዓል እስኪያልፍ ይቆይ ብዬ ለመንኩ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። ወጣቱ ወደ ጠባቧ ክፍል መጥቶ "እህቴ፣ የሰርቨርሽን ፓስወርድ ስጪኝ፣ እዚሁ ላይ እንጭነዋለን" ሲለኝ አልሰጥም አልኩ። ጋሼ ራሳቸው መጥተው "ስጪው" አሉኝ። "የራሱን ማሽን ያምጣ ጋሼ። ይሄን በዓል ሳያልፍ ማንም አይነካውም፤ ሌሎቹ መስመሮች እዚህ ላይ ናቸው" አልኩ። "አንቺ ልጅ፣ ግትር ነሽ" ብለው ሄዱ። ሌላ ማሽን መጣ።

በሙከራው መጀመሪያ ቀን እትዬ የፈሩት ደረሰ። የተገዛው ሲስተም ትኬቱ ላይ የሚጽፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። አንድ አባት ሚስታቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው፣ ሻንጣና ዘንቢል፣ ከበግ በቀር ለበዓል የሚሆን ነገር ሁሉ ተሸክመው፣ ቀን በስድስት ሰዓት መናኸሪያ ደረሱ። አውቶቡሱ የወጣው ንጋት ላይ ነው። ሰውየው ስልካቸውን አውጥተው "ይኸው ስድስት ሰዓት ይላል፣ ዋሽቻለሁ?" አሉ። አልዋሹም። እትዬ በሌላ አውቶቡስ አሳፈሯቸውና ወደ እኔ ደውለው "ይኸው፣ ምሳቸውን በልተው መጡ" አሉኝ።

ወጣቱ ነገሩን በአንድ ጀንበር አስተካክላለሁ አለ። መጀመሪያ የአውቶቡሶቹን መነሻ በእኛ ሰዓት አድርጎ አስገባ፤ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት የሚነሳው አሥራ ሁለት ተብሎ ተጻፈ። ማሽኑ ግን አሁንም የሚያስበው በፈረንጅ ነው። አሥራ ሁለት ሲባል እኩለ ቀን መስሎት፣ አውቶቡሱ ንጋት ላይ ከወጣ በኋላ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ወንበር መሸጥ ቀጠለ። ይህን ሲያይ ወጣቱ ምን አደረገ? አሥራ ሁለቱን የእኩለ ሌሊት አድርጎ የማሽኑን ሰዓት ራሱን ወደኋላ መለሰው። ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ጠመዘዘው። ይህን ስህተት ሌላ አገር ያለ ሰው ሊሠራው አይችልም፤ ለመሥራት እንኳ አያስበውም። እኛ ግን ሁላችንም ስልካችንን ሀበሻ ሰዓት እንዲያሳየን ብለን ጠምዝዘን እናውቃለን፤ ለስልክ ችግር የለውም ብለን።

"ይሄን አታድርግ" አልኩት። "ሰርቨር በዓለም ላይ ካሉ ማሽኖች ጋር የሚነጋገረው በሰዓት ነው። ሰዓቱ ከተዛባ ማንም አያምነውም።"

"ኖ ፕሮብሌም እህቴ። ሲምፕል ፊክስ ነው" አለኝ። "ደግሞ አንቺ የራስሽን ሲስተም ስለምትወጂ ነው እንጂ።"

እወደዋለሁ። የምወደውን ነገር ስለማውቀው ነው የምወደው። ይህን ግን ለሱ አልነገርኩትም፤ ከሱ ጋር ስለ ፍቅር አላወራም።

በማግስቱ ጠዋት የሐዋሳ ተሳፋሪዎች ቢሯችን ድረስ መጡ። ሁሉም በስልካቸው ከፍለዋል፤ ገንዘቡ ከሂሳባቸው ወጥቷል፤ ትኬት ግን አልደረሳቸውም። ነገሩን ለማወቅ ብዙ አልፈጀብኝም። ባንኩ "ተከፍሏል" የሚል ማረጋገጫ ይልካል፤ ማረጋገጫው ላይ ሰዓት አለበት። ሰዓቱ ወደኋላ የተጠመዘዘው ማሽን ግን ያ መልእክት ገና ካልመጣ ሰዓት የተላከ መስሎ ስለታየው እያንዳንዱን እንደ ሐሰተኛ እየቆጠረ ይጥለዋል። ሰው በደረጃው ላይ እስከ ሴራሚክ ቤቱ በር ድረስ ተሰለፈ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በሴራሚክ ካርቶን ላይ ተቀምጣለች። ወጣቱ ስልኩን አንስቶ ወደ ሃያ አራት ሰዓቱ ድጋፍ ደወለ። ከውጭ አገር በእንግሊዝኛ የተቀዳ ድምፅ ጥያቄዎ ደርሶናል፣ በተራዎ መልስ ያገኛሉ አለው። ደጋግሞ ደወለ። ፊቱን ሳየው፣ ልቤ ክፉ ቢሆንም፣ ትንሽ አሳዘነኝ።

ጋሼ ወደ ክፍሌ ገቡ። መቼም ገብተው አያውቁም ነበር፤ በሩ ላይ ቆመው ነበር የሚያናግሩኝ። ባትሪዎቹን እያዩ "አስተካክይው" አሉኝ።

"የቱን?"

"የሱን። ሰዓቱን መልሺው።"

"አልችልም ጋሼ። የተቆለፈ ነው። ውስጡን የሚያውቁት የሠሩት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ቁልፉም የእርስዎ እጅ ላይ የለም። ገዝተውታል እንጂ የእርስዎ ነው አላሉዎትም።"

ውጪ አንድ ሕፃን ያለቅሳል።

"ሰዎቹን ግን በኔ ላይ ማሳፈር እችላለሁ" አልኩ። የሐዋሳውን መስመር በኔ ሰርቨር ላይ መልሼ ከፈትኩ። እትዬ መስኮታቸው ላይ ተቀምጠው እያንዳንዱ ተሳፋሪ ከባንክ የደረሰውን መልእክት በስልኩ እያሳየ፣ እሳቸው እያነበቡልኝ፣ እኔ እያስገባሁ፣ ወንበር ወንበሩን ሰጠን። ነፍሰ ጡሯን ከፊት አስቀመጥናት። ባለንብረቶቹ ሁለት ትርፍ አውቶቡስ አመጡ። ከሰዓት በኋላ ደረጃው ባዶ ሆነ፤ እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹና "ሻይ አምጡልኝ" ብቻ አሉ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እኔ አሸናፊ እሆን ነበር። አላለቀም።

አዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ ያው ድርጅት ሌላ ሐሳብ ይዞ መጣ። ይቅርታም ጠየቀ። ችግሩ የሀበሻ ሰዓት ብቻ ነው፤ ሠራተኛችሁ የጻፈችውን የሰዓትና የቀን መቀየሪያ ለኛ ብቻ ስጡን፣ ሲስተማችን ውስጥ እናስገባዋለን፣ ለሌሎች ማኅበሮችም ስንሸጥ እናንተ ድርሻ ይኖራችኋል አለ። ነጋዴ ይህን ሰምቶ ዓይኑ ካልበራ ነጋዴ አይደለም። ጋሼ አስጠሩኝ።

"ልጄ፣ ሥራሽ ዋጋ አወጣ" አሉኝ፣ ከልባቸው ደስ ብሏቸው። "አሁን ኢንተርኔት ላይ ያስቀመጥሽውን አውርጂው። እነሱ ለብቻቸው ካልሆነ አንገዛም ብለዋል።"

"አላወርደውም።"

"ምን አልሽ?"

"አላወርደውም ጋሼ። መጀመሪያ ቀን ለቦርዱ ተናግሬአለሁ። የሠራሁት ሌሎች ሰዎች ክፍት ባደረጉት ነገር ላይ ነው። እነሱ ለኔ አልቆለፉብኝም፤ እኔም በሌላው ላይ አልቆልፍም። ባወርደው እንኳ የወሰደ ሰው ወስዶታል።"

"በማኅበሩ ደመወዝ የሠራሽው የማኅበሩ ንብረት ነው። ለማያውቁሽ ሰዎች አሳልፈሽ ስትሰጪ ምን ታገኛለሽ?"

ያኔ ነው መልሱ በሳቸው ቋንቋ የመጣልኝ። "ዋስ ጠይቀውኝ ነበር፤ ዋስ አገኛለሁ" አልኳቸው። ነገርኳቸውም። ከጥቂት ወራት በፊት ከማላውቀው ሰው መልእክት ደርሶኝ ነበር። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ የሚሠራ ነው፤ የኔን ኮድ ኢንተርኔት ላይ አግኝቶ ለታካሚዎች ቀጠሮ ይጠቀምበታል። አንድ ስህተት አግኝቶብኛል። በሉቃስ ዓመት ጳጉሜ ስድስት ቀን ስትሆን የእኛ ቀን ከፈረንጁ ጋር ያላት ርቀት በአንድ ቀን ይቀየራል፤ ለውጡም እስከ የካቲት ይቆያል። እኔ መስከረም ላይ አቁሜዋለሁ። ሰውየው ስህተቱን ማሳየት ብቻ ሳይሆን አርሞ፣ ፈትኖ፣ ከነማረጋገጫው ልኮልኛል። ሳያየው ቢቀር ኖሮ በተከታዩ ዓመት ከጥቅምት እስከ የካቲት የምንቆርጠው ትኬት ሁሉ ቀኑን ስቶ ይወጣ ነበር። ስንት ብር ትከፍይኛለሽ አላለኝም፤ "አመሰግናለሁ፣ ሥራሽ ጠቅሞናል" ብሎ ነው የጻፈው።

"ባል አግብቼ ብሄድ ጋሼ፣" አልኳቸው፣ "ይሄ ሰው አለ። ሌሎችም አሉ። ማሽኑን የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ የማልሆነው ክፍት ስለሆነ ነው። ከቆለፍኩት ግን ያን ቀን እውነትም ባለቤት የሌለው ቤት ይሆናል።"

ጋሼ ጠረጴዛቸውን በጣታቸው መቱ። "የማታውቂው ሰው ዋስ አይሆንም" አሉ። "እስከ ሰኞ አውርጂው።"

ሰኞ መጣ፤ አላወረድኩትም። ቦርዱ ትእዛዝ አልቀበልም ብላለች ብሎ አሰናበተኝ። አልለመንኩም፤ አላለቀስኩምም፤ ቢያንስ እዚያ። የጠባቧን ክፍል ቁልፍ ከቤቴ ቁልፍ ላይ ፈትቼ ጋሼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። የማሽኑን ፓስወርድ ሁሉ አስረከብኩ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳቸው፤ በኔ ቦታ ሰው ለመቅጠር ማስታወቂያ ስታወጡ ማሽኑ በምን እንደሚሠራ በግልጽ ጻፉበት፣ የሚያውቀው ሰው እንዲያመለክት አልኩ። ድርጅቱ ኮዱን ለብቻው ማግኘት እንደማይችል ሲያውቅ ግዢውን ተወው፤ ስለዚህ ማኅበሩ የኔን ማሽን ይዞ፣ እኔን ግን ሳይይዝ ቀረ። ወደ ጎሮ ስሄድ በዚያ ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ። ስለ ደመወዙ አልነበረም። ንጋት ላይ ያ ማሽን ያለ ችግር ሲነሳ የማየው እኔ ስላልሆንኩ ነው።

ብዙ ሳልቆይ ቦሌ ውስጥ ሌላ ሥራ አገኘሁ። አንድ ጠዋት የማላውቀው ቁጥር ደወለልኝ። ሰውየው ስሙን ነገረኝና እንዳላወቅኩት ሲገባው "ድሬዳዋ ነበርኩ፤ የየካቲቷን ያረምኩልሽ ነኝ" አለ። ድምፁን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። የአውቶቡስ ማኅበሩን ማስታወቂያ አይቶ፣ ማሽኑ የሚሠራበትን ሲያነብ የኔ ኮድ ያለበት ቤት መሆኑን አውቆ አመልክቷል። ፈተናውን አልፏል። ሊቀጥሩት ነው። ግን ዋስ አምጣ ብለውታል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ደመወዝ ያለው ዘመድ የለውም።

"ስጠይቅሽ አፍራለሁ" አለኝ። "አንቺን ካሰናበቱበት ቤት…"

"ቢሮው ስንት ሰዓት ይከፈታል?" አልኩት።

ከአዲሱ መሥሪያ ቤቴ የደመወዝ ማረጋገጫ አጽፌ ጉርድ ሾላ ሄድኩ። ደረጃውን ስወጣ እትዬ ከመስኮታቸው አይተውኝ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሰውየው ጋሼ ቢሮ በር ላይ ቆሟል፤ ቀጭን ነው፣ እንዳሰብኩት አይደለም። ተጨባበጥንና አብረን ገባን። ጋሼ ቀና ሲሉ እኔን አዩ። ከዚያ ወረቀቱን አዩ፤ ከዚያ ሰውየውን፣ ከዚያ እንደገና እኔን።

"አንቺ ነሽ ዋሱ?"

"እኔ ነኝ ጋሼ። በርስዎ ደንብ ሠራተኛ ያልሆነ ሰው ነው ዋስ የሚሆነው። አሁን ሠራተኛዎ አይደለሁም።"

"ከየት ታውቂዋለሽ?"

"በአካል ዛሬ ማየቴ ነው። ሥራውን ግን አውቀዋለሁ። ስለሱ ነግሬዎት ነበር፤ የማታውቂው ሰው ዋስ አይሆንም ያሉኝ ስለዚህ ሰው ነው።"

ሰውየውን እንደገና አዩት፤ አሁን በደንብ። እሱም መሬት መሬት ያያል። ባቡሩ አለፈና መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

"ያን ነገር አወረድሽው?" አሉኝ በመጨረሻ።

"አላወረድኩትም። አላወርደውምም።"

ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ፤ የደመወዝ ማረጋገጫዬን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ከዚያ ስክሪብቷቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ክዳኑን ከፈቱና ወደ እኔ ገፉልኝ።

"እዚህ ጋ ፈርሚ" አሉ።